መጀመሪያ የትኛውን ልግዛ? ለጀማሪ መካኒክ የብልሽት መፈለጊያ መሣሪያዎች ንጽጽር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ እሠራበት ወደነበረው ጋራዥ አንድ ኮሮላ መጣ። ዳገት ላይ አቅም ያንሰዋል፣ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ እመቃውን) ለካን። የመኪናው መጽሐፍ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይላል፤ እኛ በአራቱም ሲሊንደር ያገኘነው ከ136 እስከ 140 ነበር። «ሞተሩ አልቋል» ተባለ። ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ወረደ፣ ፒስተኖቹ ወጡ፣ አዲስ ሪንግ (ፒስተኑን የሚከብ ማሸጊያ ቀለበት) ገባ። ሞተሩ ተገጣጥሞ ሲነሳ መኪናው ዳገቱ ላይ ያው ነው። ኮምፕሬሽኑን ደግመን ስንለካው እንደገና 140 አካባቢ። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ላላስፈለገው ሥራ ብዙ ገንዘብ ከፈለ። መለኪያው ደህና ነበር፤ ያጠፋነው ቁጥሩን ያነበብነው እኛ ነን። ምን እንደሳትን ከታች አመጣዋለሁ።

ታሪኩን ያስቀደምኩት ከቴክኒክና ሙያ ወጥተው ሥራ የጀመሩ ልጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው፦ «በመጀመሪያ ደሞዜ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ) ልግዛ ወይስ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)? ኮምፕሬሽን መለኪያስ ያስፈልገኛል?» ሻጭ ሁሉ የያዘውን ያሞግሳል፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር ደግሞ አብዛኛው ለሌላ አገር መኪናና ለሌላ አገር ጋራዥ የተሰጠ ነው። እዚህ የምንም ምርት ስም አላነሳም። ስድስት ዓይነት መሣሪያዎችን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጬ የትኛው ለማን እንደሚሆን እናገራለሁ።

በምን እንመዝናቸው

የቤንዚን ሞተር ለመነሳትም ለመሥራትም አራት ነገር ይፈልጋል፦ አየር፣ ነዳጅ፣ በቂ እመቃ እና በሰዓቱ የሚመጣ ብልጭታ። ናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ታምቆ የጋለው አየር ስለሆነ እመቃው የበለጠ ይወስነዋል። ብልሽት መፈለግ ማለት ከእነዚህ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ዕቃ ሳይፈቱ መለየት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መስፈርቴ መሣሪያው ከአራቱ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል የሚለው ነው።

ሁለተኛው፣ እናንተ ጋ በሚገቡት መኪኖች ላይ ይሠራል ወይ? ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ላዳ፣ ቪትዝ፣ አይሱዙ የጭነት መኪና እና ላንድክሩዘር በአንድ ግቢ ውስጥ የሚቆሙበት አገር ነው የምንሠራው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። መሣሪያው ሲያሳስት እንዴት ነው የሚያሳስተው? እያንዳንዱ መለኪያ የሚያታልልበት መንገድ አለው። ያንን መንገድ ሳያውቅ የገዛ ሰው በድፍረት ይሳሳታል።

አራተኛው ዋጋ ነው፣ ከገዙት በኋላ የሚጠይቀውን ወጪ ጨምሮ። በብር አልጻፍኩትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለማይረጋ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታል። ደረጃውን ብቻ አስቀምጣለሁ።

ቴስተር እና የሙከራ አምፖል

ሁለቱን አብሬ የማነሳቸው አንዱ የሌላውን ስህተት ስለሚያርም ነው።

በዲጂታል ቴስተር የሚጀመረው ከባትሪ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ይስባል። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። እነዚህ ሦስት ንባቦች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም፤ ደህና ባትሪ ተጥሎ አዲስ እንዳይገዛ ግን ያድናሉ።

የቴስተር ትልቁ ጥቅም ግን የማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር) ሙከራ ነው። ቀዩን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ አድርጉና ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርላችሁ። ከ0.2 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ካነበባችሁ የማሳው ገመድ ወይም ማሰሪያው ዝጓል፣ አለዚያም ላልቷል። ሞተሪኖ ተፈትቶ፣ ታድሶ፣ ተመልሶ ገብቶ ችግሩ ያልተፈታባቸው መኪኖች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይገኛሉ። አንድ ብሎን ማጽዳት በቂ ሆኖ ሳለ!

ቴስተር የሚያታልለው እንዲህ ነው። ከሚለካው ሽቦ የሚስበው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ውስጡ ተበጣጥሶ አንድ ቀጭን ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ላይ ስታደርጉት 12 ቮልት ያሳያችኋል። ያ ሽቦ ግን የነዳጅ ፓምፕ ማዞር አይችልም። የሙከራ አምፖል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አምፖሉ ራሱ ኃይል ስለሚበላ በዚያ ሽቦ ላይ ይደበዝዛል፣ ወይም ጭራሽ አይበራም። ባለ ክር አምፖሉን ግዙ፤ ኤልኢዲ የሆነው በትንሽ ኃይል ስለሚበራ እንደ ቴስተሩ ያታልላል።

አምፖሉ የማይገባበት ቦታም አለ። የኤርባግ ሽቦና ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄዱ ቀጫጭን የሴንሰር ሽቦዎች ላይ ባለ ክር አምፖል አታስነኩ፤ የሚስበው ኃይል ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሴንሰሮቹ ላይ ቴስተር ነው የሚሠራው፤ የኤርባጉን ሽቦ ግን በቴስተርም አትንኩ። ቴስተሩን ደግሞ በ10 አምፔሩ ቀዳዳ ሰክታችሁ የሞተሪኖ ኃይል ለመለካት አትሞክሩ፤ ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል። ሌሊት ባትሪ የሚጨርስ ድብቅ ፍሳሽ ለመፈለግ ግን ያ ቀዳዳ ትክክለኛው ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ በሮች ተዘግተው፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ከተጠበቀ በኋላ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካሳየ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ ነው።

ኮምፕሬሽን መለኪያ

ሞተሩ ይፈታ ወይስ አይፈታ የሚለውን ውሳኔ የሚሰጥ መሣሪያ ይሄ ነው። ስለዚህም ሲሳሳት እንደሱ የሚያስከፍል የለም።

አለካኩ ሥርዓት አለው። ሞተሩ ሞቆ ይለካል። ካንዴላዎቹ (ብልጭታ የሚሰጡት) በሙሉ ይወጣሉ፣ ብልጭታውና ነዳጁ ይቋረጣል፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከዚያ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሩ አምስት ስድስት እመቃ ያህል ይዞራል። ፔዳሉን ያልረገጠ ሰው ዝቅተኛ ቁጥር ያገኛል፤ ትሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ተዘግቶ አየር ከየት ይግባ?

ቁጥሩ ዝቅ ካለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ድገሙት። በደንብ ከጨመረ የሚያሳልፈው ሪንጉ ነው። ካልጨመረ ቫልቩን ወይም የቴስታታውን ጋስኬት ጠርጥሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት የመቃጠሉ ነገር ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ኮሮላው ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ 101 ኪሎ ፓስካል የነበረው 76 አካባቢ ይሆናል። ፒስተኑ ሲወርድ የሚያስገባው አየር ስስ ስለሆነ አምቆ የሚያወጣውም ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። መጽሐፉ ላይ ያለው 180 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲቀነስለት ከ135 እስከ 145 ይመጣል። የእኛ ከ136 እስከ 140 የጤነኛ ሞተር ንባብ ነበር!

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሚቀነሰው ያንሳል። ጂቡቲ ወርዶ የሚመለስ መኪና እዚያ ቢለካና እዚህ ቢለካ ሞተሩ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለያያል። የመጽሐፍ ቁጥር ይዛችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ከተማችሁ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነች እወቁ። ከዚያም በላይ የሚታመነው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከፍታው ሁሉንም እኩል ስለሚነካ ልዩነቱን አይሸፍነውም። ብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ላይ ፋብሪካው የሚፈቅደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ ገደማ ነው። የእኛ ኮሮላ ልዩነቱ 4 ብቻ ነበር። ቁጥሮቹ ራሳቸው «አትፍቱኝ» እያሉን ነው የፈታነው።

ለናፍጣ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። የቤንዚኑ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 300 ፒኤስአይ ብቻ ስለሚሄድ ናፍጣ ላይ ከተገጠመ ይሰበራል፤ የናፍጣው በኖዝል (ነዳጅ መርጫው) ወይም በማሞቂያ ካንዴላ ቀዳዳ የሚገባ መግጠሚያ ይፈልጋል፣ ለየሞተሩም ይለያያል። ስለዚህ የናፍጣው ዋጋ ከቤንዚኑ ይከብዳል።

ባኪዩም መለኪያ

ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ረስቶታል። ከመግቢያ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ላይ ካለ ቀጭን ጎማ ጋር ይገናኛል፤ ምንም ሳይፈታ የሞተሩን አተነፋፈስ ያሳያል። መርፌው ረግቶ ከቆመ ጥሩ ነው። በየተወሰነ ጊዜ ዘለል እያለ ከወደቀ አንድ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም። ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ይዛችሁ ንባቡ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ጭሱ መውጫ አጥቷል፤ ማርሚታውን ወይም ካታሊስቱን (ጭስ ማጣሪያውን) ተመልከቱ።

ከፍታው እዚህም ይገባበታል። መጽሐፍ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚለው አዲስ አበባ ላይ ከ10 እስከ 14 ይሆናል። ናፍጣ ሞተር ላይ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ርካሹ ኮድ ማንበቢያ

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው ትንሹ ዕቃ ወይም የራሱ ስክሪን ያለው ቀላል ማንበቢያ ማለቴ ነው። ወጣቶች መጀመሪያ የሚመኙት ይህን ነው፤ ምኞታቸው ይገባኛል። ሰክተው ኮድ (የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) ሲወጣ መልስ የተገኘ ይመስላል።

ኮድ ግን የት አካባቢ እንደሚፈለግ ነው የሚናገረው። ፒ0301 ሲል አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አይቃጠልም ማለቱ ነው፤ ካንዴላው ይሁን ኮይሉ (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው)፣ ኖዝሉ ይሁን እመቃው አልተናገረም። ፒ0171 ደግሞ ከአየሩ አንጻር ነዳጁ አነሰ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ የኦክስጅን ሴንሰር ይቀይራል። እኔ ጋ የመጣ አንድ ቪትዝ ሁለት ጊዜ ሴንሰር ተቀይሮለት ነበር፤ ችግሩ ከማኒፎልዱ ኋላ የተሰነጠቀ አንድ የጎማ ቱቦ ሆኖ ተገኘ። ሴንሰሩ እውነቱን ነበር የሚናገረው።

ጥሩ ማንበቢያ ከኮዱ ሌላ ቀጥታ ንባብ ያሳያል፤ ሲገዛ መታየት ያለበትም እሱ ነው። የነዳጅ ማስተካከያውን ንባብ (ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳየውን) ተመልከቱ። ሞተሩ በባዶ ሲዞር ከፍ ብሎ 2,500 ዙር ላይ ወደ ዜሮ ከቀረበ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ዙሩና ጭነቱ በጨመረ ቁጥር እሱም ከጨመረ ነዳጁ አይደርስም፤ ፓምፕ፣ ፊልትሮ ወይም አየር የሚለካው ሴንሰር ይታይ። የዚያ ኮሮላ ችግር በዚህ ንባብ ሩብ ሰዓት ውስጥ ይለይ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የውጭ ቪዲዮ እያዩ ለሚማሩ። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩ የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው የሚያሳየው። ቪዲዮው ላይ 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ ማሳየት አለበት። 76 አይታችሁ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» እንዳትሉ።

የማይሠራባቸው መኪኖች አሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ፣ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ቤንዚኖች ከ2001 ጀምሮ አንድ ወጥ ሥርዓት አላቸው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች ግን ሶኬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ተራውን ማንበቢያ ላይቀበሉ ይችላሉ። እነዚህ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ኮዳቸውን በቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይቆጥራሉ። አሮጌዎቹ ላይ ኮፈኑ ስር ባለው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ይገናኛሉ፤ ባለ 16 ቀዳዳው ሶኬት ላይ ደግሞ 4ኛውና 13ኛው። የምታገናኙትን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ሌላ ቀዳዳ ነክቶ ኮምፒውተር ማቃጠል ይቻላል።

ሙሉ ስካነር

ኤቢኤስን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን)፣ ኤርባግን፣ ጊርቦክሱን ያነባል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ማዘዝ መቻሉ ነው፤ ፋኑን አብራ፣ ይህን ኖዝል ዝጋ፣ ፓምፑን አዙር ይላል። ኮመን ሬል ናፍጣ (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭበት) በብዛት ለሚገባበት ጋራዥ ያለ እሱ መሥራት ከባድ ነው። እነዚህ ሞተሮች የነዳጅ ቱቧቸው ውስጥ ከ1,000 ባር በላይ ግፊት ስላለ እንደ ድሮው ቱቦ እያላሉ መፈተሽ እጅ ያስቆርጣል።

በሌላ በኩል 1ኤችዜድ የተባለው የናፍጣ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ሲመጣ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ለነዳጁ ስካነሩ የሚያነጋግረው ነገር የለም። ወጪውም በግዢው አያበቃም፤ ብዙዎቹ በየዓመቱ ለማደሻ ያስከፍላሉ፣ ኢንተርኔትም ይፈልጋሉ። ስትገዙ ክፍያው ካልታደሰ መሣሪያው መሥራት ያቆማል ወይስ ባለበት ይቀጥላል ብላችሁ ጠይቁ።

በአንድ እይታ

| መሣሪያ | የሚመልሰው ጥያቄ | ካርቡሬተር ላይ | ናፍጣ ላይ | ዋጋ | እንዴት ያሳስታል |
|---|---|---|---|---|---|
| የሙከራ አምፖል | ኃይል ደርሷል ወይ | ይሠራል | ይሠራል | በጣም ዝቅተኛ | ትክክለኛ ቮልት አይናገርም |
| ዲጂታል ቴስተር | ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ማሳ፣ ሴንሰር | ይሠራል | ይሠራል | ዝቅተኛ | በተበጣጠሰ ሽቦ ላይም 12 ቮልት ያሳያል |
| ኮምፕሬሽን መለኪያ | እመቃ | ይሠራል | የራሱን ይፈልጋል | ዝቅተኛ፤ የናፍጣው መካከለኛ | የመጽሐፉ ቁጥር ለከፍታችን አይደለም |
| ባኪዩም መለኪያ | አየር፣ ቫልቭ፣ የጭስ መውጫ | ይሠራል | አይሠራም | ዝቅተኛ | ከፍታው ንባቡን ይቀንሳል |
| ቀላል ኮድ ማንበቢያ | የት አካባቢ ይፈለግ | አይሠራም | አዲሶቹ ላይ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ኮዱ የዕቃ ስም ይመስላል |
| ሙሉ ስካነር | ኮምፒውተር ያለው ሁሉ | አይሠራም | አዲሶቹ ላይ | በጣም ከፍተኛ | መለካትን ያስረሳል |

ለማን የትኛው

ገና እየተማራችሁ ከሆነ ወይም ጋራዥ ውስጥ ረዳት ከሆናችሁ ቴስተርና ባለ ክር የሙከራ አምፖል ግዙ፣ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ሁለቱ በየትኛውም መኪና ላይ ይሠራሉ። በእነሱ የማሳ ሙከራ መሥራት የለመደ ልጅ ስካነር ይዞ ሽቦ መከተል ከማይችል ባለሙያ ይበልጥብኛል።

ቀጥሎ ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ፣ የምትሠሩት አሮጌ የቤንዚን መኪና ከሆነ ኮምፕሬሽንና ባኪዩም መለኪያ አብራችሁ ግዙ። ቪትዝና ከእሱ ወዲህ ያሉት የሚበዙባችሁ ከሆነ ደግሞ ቀጥታ ንባብ የሚያሳይ ማንበቢያ ይቅደም። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ በር ላይ በቆመ መኪና ላይ ሰክታችሁ የነዳጅ ማስተካከያውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ኮድ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ተዉት።

የጭነት መኪናና ሚኒባስ ናፍጣ የምትሠሩ ሰዎች፣ የናፍጣ ኮምፕሬሽን መለኪያውን ደጋግመው በሚመጡላችሁ ሞተሮች መግጠሚያ ልክ ግዙት። ሁሉንም መግጠሚያ የያዘው ትልቁ ሳጥን አብዛኛው ዕቃው ሳይነካ ይኖራል።

ሙሉ ስካነር የራሱን ጋራዥ ለሚከፍት ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን የደንበኞቹን መኪና ዓይነት ለጥቂት ወራት መዝግቦ ካየ በኋላ። እስከዚያ ስካነር ላለው ባለሙያ በየመኪናው ከፍሎ ማስነበብ ያዋጣል፤ ጎን ቆሞ መጠየቅም ትምህርት ነው። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው በጋራ ሲገዙም አይቻለሁ፤ አንዱ ጋ መቀመጡ እንጂ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ወደ ጋራዦች መምጣት ጀምሯል። እዚህ የዘረዘርኳቸው መሣሪያዎች ለ12 ቮልቱ ክፍል እንጂ ለትልቁ ባትሪ አይሆኑም። ብርቱካናማ ሽቦ (የከፍተኛ ቮልት መስመር) ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ያንን ለመንካት ለብቻው የተሰጠ ሥልጠና፣ ለ1,000 ቮልት የተሠራ ጓንት እና የደህንነት ደረጃው ካት 3 የሆነ ቴስተር ያስፈልጋል፤ ርካሹ ቴስተር እዚያ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ኮምፕሬሽን መለኪያ ስትገዙ የቱቦውን ጫፍ እዩ፤ ውስጡ የጎማ ቫልቭ የምትመስል ትንሽ ቫልቭ አለች። ግፊቱን ይዛ የምታቆየው እሷ ነች። በአየር መንፊያ ግፊት ሰጥታችሁ መርፌው ሳይወርድ ለአንድ ደቂቃ መቆሙን ተመልከቱ። ስታረጅ ወይም ስትጠፋ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ የጎማ ቫልቭ አትተኩባት። የጎማዋ ስፕሪንግ ጠንካራ ስለሆነ ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል፤ ከፍታው የሚቀንሰው ሳያንስ እሷም ትቀንስና ጤነኛውን ሞተር እንደገና ታስፈታችኋለች። ለመለኪያ የተሠራችው ቫልቭ ለብቻዋ ትሸጣለች፤ አንድ ትርፍ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ።